ቢጫው ቀርቶ ነጭ ደመና ሲመጣ

የብር ናኖፓርቲክል (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣት) ስንሠራ ብጥብጡ ቢጫ መሆን አለበት፤ ይህ ነጭ ሆኖ ለደፈረሰባችሁ ነው። ሲልቨር ናይትሬት (ብሩ የሚገኝበት ጨው) መመዘን፣ በቡናማ ጠርሙስ ማስቀመጥ፣ ጓንት ማድረግ፤ ይህን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ጓንት የናቀ ጣቱ ጠቁሮ ይሰነብታል። እኔም ጠቁሬ አውቃለሁ።

ምልክት፦ ናይትሬቱ ውሃው ውስጥ እንደገባ፣ ገና ብሩን ወደ ቅንጣት የሚቀይረው ሲትሬትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ሳይጨመር፣ ወተት ጠብ እንዳለበት ይደፈርሳል። ብርሃን ሲያገኘው ወደ ግራጫ ሐምራዊ ይሄዳል።

መንስኤ፦ ክሎራይድ፣ እንደ ገበታ ጨው ባሉ ነገሮች ውስጥ ያለው የክሎሪን አዮን። ብሩ ናኖፓርቲክል መሆኑ ቀርቶ ሲልቨር ክሎራይድ ሆኖ ዘቀጠ። እኔ ጋ የሚመጣው ብልሽት አብዛኛው ይኸው ነው።

ያለነው አቃቂ በኩል ነው። መብራት ይጠፋል፣ የውሃ ማጣሪያው ይቆማል፣ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል። አንድ ተማሪ በጄሪካን የባትሪ ውሃ ገዝቶ መጣ። ላዩ ላይ «ዲስቲልድ» ይላል፤ ወረቀት ምን ይሳነዋል! ሦስት ሳምንት ሙሉ «ቅጠሉ ነው» እያለ ግራዋ ሲቀቅል ከረመ። ከውሃው ትንሽ ቀድቼ ሁለት ጠብታ ናይትሬት ብጨምርበት ነጭ ሆነ። በቃ፣ ሦስት ሳምንት በአንድ ደቂቃ።

ሌላ ጊዜ ውሃው ንጹህ፣ ቢከሩ (የመቀላቀያ ብርጭቆው) ውስጥ ያለው ግን ሰኞ ሰኞ ይደፈርሳል። ለካ የፅዳት ሠራተኛዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃውን በበረኪና ታጥብልናለች። ለኛው አስባ ነው። ማንም አልነገራትም፤ ጥፋቱ የኛ።

ሦስተኛው ግን አናደደኝ። አንዱ ፒኤች ሜትሩን (የአሲድነት መለኪያውን) እየተሠራ ያለው ብጥብጥ ውስጥ ነክሮት ቡና ሊጠጣ ወጣ። የሚነከረው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ሆዱ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ቀስ እያለ ያፈስሳል። በሌላ ኩባያ ትንሽ ቀድታችሁ ለኩ፣ የለካችሁበትን ድፉ። ፒኤች ለማውረድም ናይትሪክ አሲድ እንጂ ሃይድሮክሎሪክ አትጨምሩ። ስሙ ራሱ እየነገራችሁ!

መፍትሄ፦ እያንዳንዱን አዲስ ጄሪካን ፈትሹ። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ ጠብታ ናይትሪክ አሲድ፣ ሁለት ጠብታ 0.1 ሞላር ሲልቨር ናይትሬት፤ ከጀርባው ጥቁር ወረቀት አድርጋችሁ እዩ። ጭጋግ ካለ ውሃው ለወለል ማጠቢያ ይሁን። ዕቃው ላይ የቀረውን የብር እድፍ ናይትሪክ አሲድ ያነሳዋል። ነጩን ክሎራይድ ግን አይነካውም፤ ለሱ ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ። አሞኒያም ያሟሟዋል፤ ነገር ግን አሞኒያና ብር የተቀላቀለበትን አታሳድሩ። ሲቆይ የሚፈነዳ ዝቃጭ ይሠራል። ደግሜ ልበል፦ አታሳድሩ!

በቅጠል የምትሠሩ፣ ቅጠሉ ራሱ ክሎራይድ አለው። በመዳብ ጨረር በሚሠራ ኤክስአርዲ (ክሪስታልን በኤክስሬይ የሚለይ መሣሪያ) የብር ፒክ፣ ማለትም የግራፉ ጫፍ፣ 38፣ 44፣ 64 እና 77 ዲግሪ ገደማ ላይ ይወጣል። 32 እና 46 ላይ ሌላ ፒክ ካያችሁ መጀመሪያ ሲልቨር ክሎራይድን ጠርጥሩ። «የቅጠሉ ኦርጋኒክ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ለምዶብናል።

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው። በሲትሬት ወይም በቅጠል ፋንታ በቦሮሃይድራይድ ሲሠራ ቢጫው ወዲያው ከጠቆረ የቦሮሃይድራይዱ ብጥብጥ አድሯል፣ በረዶ ላይ አልነበረም፣ ወይም ማማሰሉ በዝቷል። የዕለቱን 2 ሚሊሞላር ቦሮሃይድራይድ 30 ሚሊ ሊትር በረዶ ላይ አድርጉ፤ 1 ሚሊሞላር ናይትሬት 10 ሚሊ ሊትር ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ሲያልቅ ስተረሩን (ማማሰያውን) አጥፉ።

በሲትሬት ቀለሙ ከዘገየ አትደንግጡ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰዓቱን ትታችሁ ቀለሙን ጠብቁ።

ዩቪ-ቪስ (ብጥብጡ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ) ላይ 400 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ፒክ ዝቅ ብሎ በረጅሙ የሞገድ ርዝመት በኩል ጉብታ ከወጣ ቅንጣቱ እርስ በርሱ ተያይዟል። አብዞርባንሱ (የተዋጠው ብርሃን ልክ) ከ2 ካለፈ አቅጥኑ፤ በቧንቧ ውሃ ሳይሆን በዚያው በፈተሻችሁት ውሃ። መብራት ሄዶ ከመጣም የመሣሪያው አምፖል እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ታገሡ።