አሮጌ የዩኒክስ ዎርክስቴሽን ስናስነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዓመታት ሙሉ ጥግ ይዞ አቧራ ሲጠጣ የኖረ የሰን ኩባንያ ስፓርክስቴሽን ወይም የኤስጂአይ ኩባንያ ኢንዲ፣ ማለትም በዩኒክስ ሲስተም የሚሠራ የባለሙያ ኮምፒውተር (ዎርክስቴሽን)፣ እጁ የገባለት ሰው የሚያምረው አንድ ነገር ነው፦ ሶኬት ላይ ሰክቶ ማብሪያውን መጫን። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። እነዚህ ማሽኖች በብዛት የሚበላሹት ግን በተኙባቸው ዓመታት ሳይሆን አዲሱ ባለቤታቸው ሊቀሰቅሳቸው በተጣደፈባት ምሽት ነው። ሚሞሪም ሆነ ኪቦርድ ተፈልጎ ይገኛል። ዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍና ቦርዱ ላይ ባለች አንዲት ቺፕ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር ግን አንዴ ከጠፉ ጠፉ። ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ ከቀሩትም ለጥቂት ነው ያመለጥኩት።

ክዳኑን ሳይከፍቱ ማብራት

ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ቦርዶች ላይ የተበየዱት ትንንሽ ክብ ካፓሲተሮች ሲያረጁ ያፈሳሉ። ፈሳሹ ቀስ እያለ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል፤ ሲሞቅም የዓሣ ዓይነት ሽታ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ዊንጮቹን ፈትታችሁ ቦርዱን በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩት። ካፓሲተሮቹ እግር ሥር የደበዘዘ ብየዳ፣ አረንጓዴ ዝገት ወይም የሚያጣብቅ ነገር ካያችሁ ማሽኑ በዚያ ቀን አይበራም። በለስላሳ ብሩሽና በአልኮል ማጽዳት፣ ከዚያም ካፓሲተሮቹን መቀየር ይቀድማል።

ፓወር ሰፕላዩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ከጀርባው የ115 እና የ230 ቮልት መምረጫ አለው፤ ሳያዩ መሰካት በአንድ ሰከንድ ጨዋታውን ይጨርሰዋል። ሣጥኑን መክፈት ደግሞ ልምድ ለሌለው ሰው አይመከርም፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳበራ ዋናውን ዲስክ ነቅዬ የማያሳሳኝን ሌላ ዲስክ እሰካለሁ፤ ከዚያ 5 ቮልቱንና 12 ቮልቱን በቴስተር እለካለሁ። ጨርሶ ሸክም ሳይኖረው የሚለካ ፓወር ሰፕላይ ትክክለኛውን ነገር ላይናገር ይችላል።

ዲስኩን ሳይገለብጡ አዲስ ሲስተም መጫን

ይኼኛው እስካሁን ይቆጨኛል። የመጀመሪያዬ ማሽን ስፓርክስቴሽን 5 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ፣ ለዘመኑ ጥሩ ማሽን። ሲነሳ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ አላውቀውም። ወዲያው ኔትቢኤስዲ የተባለውን ነጻ የዩኒክስ ዓይነት ሲስተም ጫንኩበትና በራሴ ተኩራራሁ። ከሳምንታት በኋላ ክዳኑን ስከፍት ዲስኩ ጎን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት አየሁ፦ «የሲ ኮምፓይለር፣ ፈቃድ አለው» ትላለች። የሶላሪስ፣ የሰን የራሱ ሲስተም፣ ኮምፓይለር (የተጻፈ ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ) በዚያ ዘመን ለብቻው የሚገዛ፣ ፈቃዱም ከዚያው ማሽን መለያ ቁጥር ጋር የታሰረ ነበር። በገዛ እጄ ጠርጌ ጥዬዋለሁ።

የይለፍ ቃል መጥፋት ዲስክ ለማጥፋት ምክንያት አይሆንም። ከሲዲ በነጠላ ተጠቃሚ ሁነታ አስነስታችሁ የዲስኩን ዋና ክፍል ማውንት ማድረግ (ከተነሳው ሲስተም ጋር ማያያዝ) እና የይለፍ ቃሎች በሚቀመጡበት ሻዶው ፋይል ውስጥ ከሩት፣ ማለትም ከዋናው አስተዳዳሪ፣ ስም ቀጥሎ ያለውን የተመሰጠረ ጽሑፍ ባዶ ማድረግ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህም ቢሆን ከቅጂው በኋላ ነው።

ለቅጂው ዲስኩን አውጥታችሁ ስካዚ (የዚያን ዘመን የዲስክ ማገናኛ) ካርድ ካለው ሊኑክስ ኮምፒውተር ጋር አገናኙትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ አንድ ፋይል ገልብጡት። ዲዲ የሚባለው ትእዛዝ ይበቃል፤ የንባብ ስህተት የሚያሳይ ዲስክ ከሆነ ግን ዲዲሬስኪው ይሻላል፤ ደህናውን ክፍል በቅድሚያ ሰብስቦ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያቆየዋል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ዓመታት የቆመ ዲስክ ዛሬ ቢዞር ነገ ላይዞር ይችላል። መገልበጫው ተዘጋጅቶ ሳይጠብቀው ዲስኩን «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ማብራት ያለችውን አንዲት ዕድል ማባከን ነው። አንዴ ከዞረላችሁ ቅጂው እስኪያልቅ አታጥፉት።

ድምፁ ብቻ ተሰምቶ የማይዞር ከሆነ ማንበቢያ ጭንቅላቱ ከሳህኑ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ እንደተሰካ ዲስኩን በመዳፍ ይዞ በጠፍጣፋው አቅጣጫ ፈጠን አድርጎ ወዲያና ወዲህ ማዞር አንዳንዴ ያላቅቀዋል። በመዶሻ እጀታ የሚመቱም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስገቡም አይቻለሁ። ፍሪጁ የሚያመጣው እርጥበት ነው፤ ባታደርጉት እመክራለሁ።

ዲስኩ ላይ የቀድሞው ባለቤት ደብዳቤዎችና የግል ፋይሎች ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ለሰው አታሳዩ።

የመርሳትን በሽታ ለሞት መቁጠር

ማሽኑ በራ፣ ስክሪኑም መጣ፤ ግን የመለያ መረጃው ልክ አይደለም የሚል መልእክት ይደረድራል፣ የኤተርኔት አድራሻው ከዳር እስከ ዳር «ኤፍ ኤፍ» ሆኗል፣ ዲስኩን ትቶ በኔትወርክ ለመነሳት ይጥራል። ብዙ ሰው «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው። ቦርዱ ግን ምንም አልሆነም። የረሳው ኤንቪራም የሚባለው ቺፕ ነው።

በቀደምቶቹ ስፓርክስቴሽኖች ላይ ይህ ቺፕ በአብዛኛው ኤም48ቲ02 የሚባለው ባለ 24 እግር ነው። ሰዓቱን፣ የማስነሻ ምርጫዎቹን፣ የኤተርኔት አድራሻውንና የማሽኑን መለያ ቁጥር ይይዛል። ባትሪው በፕላስቲክ ታሽጎ ራሱ ቺፑ ውስጥ ስለተቀበረ እንደ ሰዓት ባትሪ አይቀየርም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል ተብሎም አልተሠራም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ አዲስ ቺፕ መግዛት ነው፤ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ማሽን የተነቀለና ባትሪው ያለቀ ሆኖ ይገኛል፤ ላዩ ላይ የታተመውን የምርት ዓመት ሳታዩ አትክፈሉ። ሌላው ፕላስቲኩን በጥንቃቄ ሞርዶ ከሞተው ባትሪ መለየትና 3 ቮልት የክብ ባትሪ መያዣ በሽቦ መበየድ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ባትሪዋን በጣት ነቅሎ መቀየር ይቻላል።

ትልቁ ስህተት ግን አሮጌውን ቺፕ መጣል ነው። በላዩ ላይ የተለጠፈችው ቢጫ ወረቀት የዚያን ማሽን አድራሻ ይዛለች። የሰን ማሽን አድራሻ 8:0:20 ብሎ ይጀምራል፤ የቀሩት ሦስት ጥንዶች ወረቀቷ ላይ አሉ። እነሱን ይዛችሁ፣ ሲስተሙ ሳይነሳ ለማሽኑ ትእዛዝ በሚጻፍባት ኦኬ የምትል መስመር ላይ 16ቱን ባይት አንድ በአንድ ትሞላላችሁ፦ መጀመሪያ የቅርጹ ቁጥር 1፣ ቀጥሎ የማሽኑ ዓይነት፣ ስድስት የአድራሻ ባይት፣ አራት የቀን፣ ሦስት የመለያ ቁጥር፣ በመጨረሻ የማረጋገጫ ባይት። ይህ የመጨረሻው የቀደሙት 15 ባይቶች የኤክስኦር (ቢት ከቢት የሚያነጻጽር ስሌት) ውጤት ነው፤ በአንዲት አሃዝ ከተሳሳተ ማሽኑ ሁሉንም አልቀበልም ይላል። ቺፑ ገና ሳይሞት የደረሳችሁበት ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሲበራ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱት፤ አድራሻውም መለያ ቁጥሩም እዚያ አለ። በኤስጂአይ ኢንዲም ተመሳሳይ ጣጣ አለ፤ እዚያ አድራሻው የሚጀምረው በ8:0:69 ነው።

ስክሪን ካልመጣ ተስፋ መቁረጥ

ከጀርባ ያለው 13ደብሊው3 የተባለው ሶኬት የሰንም የኤስጂአይም ማሽን ላይ አንድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የሽቦዎቹ አደራደር ይለያያል፣ የአንዱ ኬብል ለሌላው አይሆንም። ኬብሉ ልክ ቢሆንም የዛሬ ሞኒተሮች 1152 በ900 የሚለውን የሰን መጠን ወይም ከአረንጓዴው ቀለም ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣውን ምልክት ላይረዱ ይችላሉ። ስለዚህ ጥቁር ስክሪን ማለት የሞተ ማሽን ማለት አይደለም።

እኔ ሞኒተር የምፈልገው መጨረሻ ላይ ነው። የሰን ማሽን ኪቦርድ ሳይሰካ ከበራ የሚያወራው በሲሪያል ወደቡ ነው፦ 9600 ፍጥነት፣ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ማቆሚያ። የሚያስፈልገው መላኪያና መቀበያ ሽቦው የተጠላለፈበት ኬብል ብቻ ነው። ለትንንሽ ቦርዶች የሚሸጠው ባለ 3.3 ቮልት አስማሚ ግን ለዚህ አይሆንም፤ የዚህ ወደብ ቮልቴጅ ያቃጥለዋል።

ኪቦርዱንም ማሽኑ እየሠራ አትንቀሉ፣ አትሰኩ። ሲነቀል ማሽኑ ሥራውን አቋርጦ ኦኬ ላይ ይቆማል፤ ሲሰካ ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊውዝ ሊበጥስ ይችላል። ሁለት ምሽት ሙሉ ኪቦርዱን ፈታትቼ አጽድቼ፣ በሦስተኛው ቀን ፊውዟን በቴስተር ስነካት መበጠሷን ያወቅኩትን ቀን አልረሳም።

የስካዚን ሕግ በግምት መሥራት

በኬብል የተያያዙት የስካዚ ዕቃዎች ሰንሰለት ሁለት ጫፍ አለው፤ ተርሚኔተር (ምልክቱ እንዳያስተጋባ የሚያደርገው መዝጊያ) የሚገባው ሁለቱም ጫፍ ላይ ነው፣ መሃል ላይ አይደለም። ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር መያዝ አይችልም። በአሮጌዎቹ ሰኖች ተቆጣጣሪው 7፣ ዋናው ዲስክ 3፣ ሲዲው 6 ነው፤ በኤስጂአይ ደግሞ ተቆጣጣሪው 0፣ ዲስኩ 1። ማንኛውም ስካዚ ሲዲ ማንበቢያ ይሆናል ብላችሁም አትግዙ፤ በ512 ባይት ብሎክ ማንበብ የማይችል ከሆነ እነዚህን ማሽኖች አያስነሳም። ዲስክ ከማሳደድ ይልቅ ብሉስካዚ ወይም ዙሉስካዚን የመሰለ በኤስዲ ካርድ የሚሠራ ምትክ ማስገባት አሁን የተሻለው መንገድ ነው። ጩኸቱ ይናፍቃል እንጂ ሌላ የሚጎድል ነገር የለም።

አዲሱን ሲስተም የተሻለ ነው ማለት

ሶላሪስ 10 ባለ 64 ቢቱን አልትራስፓርክ ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ ስፓርክስቴሽን ላይ ከናካቴው አይገባም። ሶላሪስ 9 እንደ ስፓርክስቴሽን 5 ባሉት ላይ ይገባል፤ ግን ይንፏቀቃል። ማሽኑ በተወለደበት ዘመን የነበረውን ምረጡ፦ ለስፓርክስቴሽን 5 ሶላሪስ 2.5 ወይም 2.6፣ ሚሞሪው ትንሽ ለሆነ ኢንዲ የኤስጂአይ ሲስተም የሆነው አይሪክስ 5.3። አይሪክስ 6.5 ኢንዲ ላይ እስከ 6.5.22 ድረስ ይጫናል፤ 32 ሜጋባይት ላይ ግን አንድ መስኮት እስኪከፈት ሌላ ሥራ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

የትኛውንም ብትጭኑ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አትክፈቱት። አይሪክስ ሲጫን ጀምሮ የይለፍ ቃል የሌላቸው አካውንቶች ይዞ ይመጣ ነበር፤ ቴልኔት ደግሞ የይለፍ ቃላችሁን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው።

ነቅሎ ማጥፋት

ማብሪያውን በድንገት መዝጋት የዚያን ዘመን የፋይል ሲስተም ያናጋል። ጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብ ማስታወሻ) ስለሌለው በሚቀጥለው ጊዜ ኤፍኤስሲኬ የተባለው መፈተሻ ከላይ እስከ ታች ሲፈትሽ ትጠብቃላችሁ፤ ያልታደለ ፋይልም ሎስት-ፋውንድ የተባለ ፎልደር ውስጥ በቁጥር ስም ተገኝቶ ይቀራል። ሩት ሆናችሁ ሲንክ ብላችሁ፣ ቀጥሎ ሃልት በሉት። ዲስኩ ትንሽ ይንኮሻኮሻል። ኦኬ የምትለዋ ቃል ተመልሳ ስትመጣ ማብሪያውን መዝጋት ይቻላል።