በእጅ የተሠራ መሣሪያ ሲያስቸግር፦ ለትርፍ ጊዜ ቀጥቃጭ ችግርና መፍትሄ

የመጀመሪያ መሮው ወይም ጉጠቱ ያለ እንከን የወጣለት ሰው አላውቅም። ስለቱ ይታጠፋል፣ ጫፉ ይሰበራል፣ ጉጠቱ አይዝም። ያኔ ሰው ክንዱን ይወቅሳል፣ «አመታት አልችልበትም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መዶሻው ጥፋት የለበትም። ወይ ብረቱ ያሰባችሁት ዓይነት አይደለም፣ ወይ እሳቱ በዝቷል ወይም አንሷል። ምንም ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ጠርጥሩ።

የመሮው ጫፍ ይታጠፋል

ብረቱን መርምሩ። ፌሮ፣ የበርና የመስኮት ብረት፣ ላሜራ፣ እነዚህ ካርቦናቸው ትንሽ ነው። የፈለገውን ያህል አግላችሁ ብትነክሯቸው (ማለትም እንደጋሉ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ብታስገቧቸው) ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አያገኙም። ለመሮና ለፓንች (ለቀዳዳ መብሻ) የሚሆነው ከ0.5 በመቶ በላይ ካርቦን ያለው ነው፦ የመኪና ባሌስትራ፣ የመኪና ሞላ፣ አሮጌ ሞረድ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትወርዱ ሁሉንም ታገኛላችሁ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል። እሺ በሉት፣ ግን ፈትኑት።

ቀላሉ ፈተና ግራይንደር ነው። ፌሮ ሲነካ ረጅምና ቀጥ ያለ ፍንጣሪ ይረጫል። ካርቦን የበዛበት ብረት ፍንጣሪው አጠር ይልና ጫፉ ላይ እየፈነዳ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። አንድ የታወቀ ፌሮና አንድ አሮጌ ሞረድ አጠገባችሁ አስቀምጡና አወዳድሩ። ለብቻው ካያችሁት ትሳሳታላችሁ።

አስተማማኙ ፈተና ሌላ ነው። ከብረቱ ቀጭን ቁራጭ ቁረጡ፣ አግሉት፣ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሞርሳ ላይ እሰሩና በጨርቅ ሸፍናችሁ ምቱት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ዕቃችሁን አግኝታችኋል። ከታጠፈ ለጉጠት አስቀምጡት። መነጽር ሳታደርጉ ይህን እንዳትሞክሩ፣ ስብርባሪው ይፈናጠራል።

ብረቱ ጥሩ ሆኖም ከታጠፈስ? ሲነከር በቂ ሙቀት አልነበረውም ማለት ነው። እዚህ ላይ ዓይን ይዋሻል። ቀትር ላይ ደጅ የሚሠራ ሰው የጋለውን ብረት ጥቁር መስሎት እሳቱን ይጨምራል፣ ጨለማ ቤት ያለው ደግሞ ገና ሳይግል «ቀላ» ብሎ ያወጣዋል። ማግኔት ግን አይዋሽም። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱን በሽቦ አንጠልጥላችሁ አስጠጉ። ከተሳበ ገና ነው። መሳቡ ሲቆም ትንሽ ጨምሩበትና ወዲያው ንከሩት። እንደምንም ብላችሁ ጥላ ያለበት ቦታ ሥሩ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ብርሃን ይኑራችሁ።

ሦስተኛ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያስበውም። ብረት እሳት ውስጥ ሲቆይ ቆዳው ላይ ያለው ካርቦን ይቃጠላል። ከነከራችሁት በኋላ ሞረድ ሲያልፍበት የላዩ ከተበላና ከሥር ያለው ላይ ሞረዱ ከተንሸራተተ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለስላሳውን ቆዳ በሞረድ ወይም በግራይንደር አንሱት። ግራይንደር ከሆነ ቶሎ ቶሎ ውሃ አስነኩት፣ ያለዚያ ያገኛችሁትን ጥንካሬ መልሶ ይወስድባችኋል።

ጫፉ ቀጭ ብሎ ይሰበራል

ይህኛው የተገላቢጦሽ ነው። ብረቱ ጠንክሯል፣ ግን አልለዘበም፣ ማለትም ከተነከረ በኋላ በልኩ ተመልሶ አልሞቀም። ነክሮ ያወጣውን መሮ ቀጥታ ወደ ሥራ የወሰደ ሰው ሁሉ ይሰብረዋል።

ማለዘብ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። የተነከረውን መሮ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ጥረጉት። ቅባት እንዳይነካው። ከዚያ ጫፉን ሳይሆን ወገቡን የጋለ ወፍራም ብረት ላይ አስደግፉትና ዝም ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ይመጣል፣ 220 ዲግሪ ገደማ ነው። እየደመቀ የጠጅ ቀለም ይይዛል። ቀጥሎ ቡናማ፣ 280 ላይ ወይን ጠጅ፣ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ። ቀለሙ ከወገቡ ተነስቶ ወደ ስለቱ ይጓዛል። መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ቀጠን ያለው ጫፍ ጋ ሲደርስ ግን ይሮጣል። ስልክ ሲጠራ የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው። ቀዝቃዛ ብረት ለሚቆርጥ መሮ ወይን ጠጁ ስለቱ ላይ ሲደርስ ውሃ አስነኩት። ለእንጨት መሮና ለቢላዋ ቢጫው ይበቃል። ሰማያዊው ካለፈ አበቃ፣ እንደገና አግላችሁ መንከር ነው። ኬክ የሚጋገርበት ኦቨን ያለው ሰው ደግሞ የእንጨት መሮውን ወይም ቢላዋውን 220 ላይ አንድ ሰዓት ቢያቆየው እኩል ይለዝብለታል፣ የቤቱ ሰው ከፈቀደ።

በመዶሻ የሚመታው ራስ ግን ፈጽሞ አይጠንክር። ለስላሳ ይሁን። በጊዜ ብዛት እየተደፈጠጠ ዙሪያውን ከንፈር ሲያወጣ በግራይንደር አንሱት። ያ ከንፈር ሲፈነጠር ዓይን ያጠፋል።

የተሰበረውን ጫፍ ከመጣላችሁ በፊት ስብራቱን ተመልከቱ። ግራጫና ልሙጥ ከሆነ ችግሩ የማለዘብ ብቻ ነው። ሻካራ፣ ፍሬ ፍሬ ያለውና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብረቱ ከልክ በላይ ግሏል። ይህም መድኃኒት አለው፦ ማግኔት እስከሚለቅበት ድረስ አግሉት፣ አየር ላይ ጥቁር እስኪሆን አቀዝቅዙት፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ከዚያ እንደ አዲስ ንከሩ። እሳት ውስጥ እያለ ከራሱ ፍንጣሪ የረጨ ብረት ግን ተቃጥሏል። ያን ክፍል ቆርጦ መጣል ነው፣ ምንም አያድነውም።

ሲነከር ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል

ባሌስትራ ውሃ አይወድም። ዘይት ውስጥ ንከሩት። አዲስ የምግብ ዘይት ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሻላል፣ የሞተር ዘይት ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ነው። ዘይቱን መጀመሪያ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁት፣ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። ዕቃው ብረት ይሁን፣ ክዳን ይኑረው። እሳት ከያዘ ክዳኑን ግጠሙ፣ ውሃ እንዳትደፉበት።

መሣሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ በጫፉ አስገቡ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። ወደ ጎን ካወዛወዛችሁት አንዱ ጎን ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይጣመማል። ሁሉን በትክክል አድርጋችሁም ከተሰነጠቀ ብረቱ ድሮም ስንጥቅ ይዞ ይሆናል። ስንት ዓመት ጭነት የተሸከመ ባሌስትራ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አያጣም።

ጉጠቱ አይዝም፣ ይደርቃል፣ ይሰበራል

ለጉጠት ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጠንካራ ይሁንልኝ» ብሎ ባሌስትራ በመምረጡ ነው። ጉጠት እሳት አጠገብ ይውላል፣ ይግላል፣ ለማቀዝቀዝ ውሃ ውስጥ ይገባል። ባሌስትራ ከሆነ አንድ ቀን በደንብ ግሎ ውሃ ሲነካው ይደርቅና እጃችሁ ላይ ይሰበራል፣ የያዘውም የጋለ ብረት እግራችሁ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ፌሮ ጌታ ነው። 14 ወይም 16 ሚሊሜትር ውሰዱ።

ከፌሮም ተሠርቶ አንገቱ ላይ ከተሰነጠቀ፣ ከአፉ ወደ አንገቱ የሚሻገረው ማዕዘን ስለታም ሆኖ ተመትቷል፣ ወይም ብረቱ ቀይነቱ እየጠፋ ሳለ መመታቱ ቀጥሏል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው። የመስፉን (ብረቱ ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበትን) ጠርዝ በሞረድ ክብ አድርጉት፣ ማዕዘኑም ክብ ይሆናል።

ሪቬቱ (ሁለቱን ክንዶች የሚያያይዘው ምስማር) ጠብቆ አልከፈት ካለ አትታገሉት። ሪቬቱን አካባቢውን ጨምራችሁ አግሉ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክፈቱ ዝጉ፣ ክፈቱ ዝጉ። የማይዝ ከሆነ ደግሞ አፉን አግላችሁ ዘወትር የምትይዙትን ውፍረት ያለው ብረት አስነክሱትና በመዶሻ አስተካክሉት። አንድ ጉጠት ሁሉን አይዝም፣ ሁለት ሦስት መሥራታችሁ አይቀርም።

ፓንቹ ቀዳዳው ውስጥ ይነከሳል

የመዶሻ ቀዳዳ ስትበሱ የሚመጣ ነው። ፓንቹ ራሱ ግሎ አብጧል። ሦስት አራት ጊዜ ከመታችሁ በኋላ አውጡት፣ ውሃ አስነኩት፣ ቀዳዳው ውስጥ ቆንጠር አድርጋችሁ የከሰል ዱቄት ጨምሩና ቀጥሉ። ዱቄቱ ጋዝ ይፈጥርና ፓንቹን ይገፋዋል። ቀዳዳው ከመሃል እንዳይወጣ ግማሹን ከአንድ ወገን፣ ግማሹን ከሌላው ወገን ብሱት።

እሳቱ አይበረታም

ከሰሉ እርጥብ ነው፣ ወይም አመዱ አየሩን ዘግቷል። የግራር ከሰል ከባሕር ዛፉ ይበረታል። ወናፍ ከሌላችሁ የፀጉር ማድረቂያ ይሠራል፣ ሙቁን አጥፍታችሁ ነፋሱን ብቻ። የተዘጋ ቤት ውስጥ ግን አይሆንም፣ ከሰል ቤተሰብ ሲጨርስ በየክረምቱ እንሰማለን። ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ አታስገቡ፣ ጭሱ ያሳምማል። ሁለቱም ጫፉ የተዘጋ ቱቦና የመኪና አሞርዛተርም ውስጡ የታመቀው ሲግል ይፈነዳል።

የመዶሻው ራስ ይወልቃል

እጀታው እርጥብ እንጨት ነበር፣ ደርቆ ቀጠነ። ውሃ ውስጥ ማሳደር የአንድ ቀን መላ ነው፣ ሲደርቅ ይብሳል። የደረቀ ወይራ ፈልጉ፣ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል። የቀዳዳው ሁለት አፍ ከመሃሉ ትንሽ ሰፋ ይበል። እጀታው ጫፉ ተሰንጥቆ ይግባ፣ ከዚያ የእንጨት ሽብልቅ ይመታበት። ሽብልቁ የላይኛውን አፍ ሲሞላው ራሱ የሚወጣበት መንገድ አይኖረውም። ትርፉን በመጋዝ ቁረጡና ጫፉን ዘይት ቀቡት።