አንድ ጫማ ለእንጦጦም ለሱሉልታም

የምኖረው ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ነው። ከበር ስወጣ መጀመሪያ የምረግጠው ኮብልስቶን ነው። ቀጥሎ አስፋልት ይመጣል። አስፋልቱን ለቅቄ ሽቅብ ስል ቀይ አፈርና ባሕር ዛፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በታክሲ ወደ ሱሉልታ ተሻግሬ ሜዳውን እሮጣለሁ። በሳምንት ብዙ ዓይነት መሬት ማለት ነው። ጫማዬ ግን አንድ ነው።

በሰፈራችን ጠዋት የሚሮጠው አብዛኛው ሰው እንደኔ ነው። ለአስፋልት አንድ፣ ለጫካ ሌላ ብሎ የሚገዛ ጥቂት ነው። «ጫማው አይረባም» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ጫማውን አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ለሚሮጥበት መሬት አለመሠራቱ ነው ችግሩ።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የሳምንቱን ኪሎ ሜትር በመሬት ዓይነት ከፋፍላችሁ ጻፉት። የእኔ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ 22ቱ አፈር፣ 12ቱ ኮረኮንች፣ 6ቱ ብቻ አስፋልትና ኮብልስቶን። ይህን እስክጽፍ ድረስ ራሴን የአስፋልት ሯጭ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ጫማም የምገዛው በዚያው ሒሳብ ነበር። ከዚህ በታች ሯጮች የሚያነሱትን ቅሬታ አንድ በአንድ እንየው።

«ቁልቁለት ላይ ያንሸራትተኛል»

ብዙ ሰው የሚያማርረው ይህን ነው። እኔም ያወቅኩት ወድቄ ነው።

መጀመሪያ ጫማችሁን ገልብጣችሁ ሶሉን እዩ። ልሙጥ ከሆነ፣ ጥርሱም (ከሶሉ ወጣ ወጣ ያለው ጉጥ) 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ የአስፋልት ጫማ ነው። የእንጦጦ ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው ላዩ ብቻ ነው እንደ ሳሙና የሚሆነው። ከሥሩ ያለው ጠንካራ ነው። አጭር ጥርስ ያንን ስስ ጭቃ አልፎ ጠንካራውን አይነካም፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

መፍትሄው ጥርሱ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ጫማ ነው። ሱቅ ውስጥ በሚሊ ሜትር የሚለካላችሁ የለም። ሁለት የክብሪት እንጨት ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ ከጥርሱ ጎን ስታስቀምጡት እኩል ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም የበለጠ ጥርስ ጭቃ ላይ ይይዛል፤ አስፋልት ላይ ግን ከሥራችሁ ጠጠር እንዳለ ይቆረቁራል፣ ቶሎም ያልቃል። በጥርሶቹ መካከል ትንሿ ጣታችሁ ጫፏን የምታስገባበት ክፍተት ይኑር። ጥቅጥቅ ያለ ጥርስ በጭቃ ይሞላና እንደ ልሙጥ ሶል ይሆናል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እርጥብ ቅጠል በእርጥብ ቅጠል ላይ ሲነባበር የሚንሸራተተው እርስ በርሱ ነው። ጥርሱ የላይኛውን ቅጠል ቢይዝም ቅጠሉ ራሱ ይሄዳል። ደረቁ ፍሬም እንደ ጠጠር ከእግር ሥር ይንከባለላል። ለዚህ የሚሆን ጫማ አላገኘሁም። የሚያዋጣው አረጋገጥን መለወጥ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ከማርያም በታች ባለው መንገድ ስወርድ ሁለት እግሬ አንድ ላይ ከዳኝ። አንድ ባሕር ዛፍ አቅፌ ተረፍኩ፤ ልጡ እጄ ላይ ተልጦ ቀረ። ከኋላዬ አንዲት እናት የቅጠል ሸክም ተሸክመው፣ ኮንጎ ጫማ አድርገው ይወርዱ ነበር። ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ እርምጃህን አሳጥር» አሉኝና አለፉኝ። እግራቸውን አየሁት። ተረከዛቸውን አስቀድመው አይጥሉም። ሙሉ መርገጫቸውን ያሳርፋሉ፤ እግራቸው ከጉልበታቸው ቀድሞ አይሄድም። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ሳይ እንደሳቸው ነው የምወርደው። አመስግኛቸው እንኳ አላለፍኩም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

«ጫማዬ ጭቃ ተሸክሞ ድንጋይ ይሆናል»

የት ነው የሮጣችሁት? ክረምት ላይ ሱሉልታ ሜዳ ወይም አቃቂ በኩል ከሆነ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ያው አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ የያዘውን አይለቅም። የጫማ ለውጥ አያድናችሁም፤ መንገድ ቀይሩ። ሜዳው እስኪጠነክር፣ ጥቅምት እስኪገባ፣ ኮረኮንቹን ሩጡ።

«ኮረኮንች ላይ ቁርጭምጭሚቴ ይታጠፋል»

አሁን የመጣው ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ውስጡ የካርቦን ፕሌት (ስስና ጠንካራ ዝርግ) የገባበት ጫማ ለአስፋልት ውድድር የተሠራ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር የሚፈቅደው የሶል ውፍረት እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ያን ያህል ከፍታ ላይ ቆማችሁ አንድ ድንጋይ በጎን ብትረግጡ ቁርጭምጭሚታችሁ የሚታጠፍበት ርቀት ይጨምራል። ስፖንጁም ለስላሳ ስለሆነ ወደ ጎን ይሰምጣል። ጫማው ግሩም ነው፤ የኛ ኮረኮንች ግን ቦታው አይደለም።

ተረከዙ ጋ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ከሥሩ ሰፋ ያለውን ፈልጉ። ፕሌት ይቅርባችሁ። አንድ እጃችሁ ተረከዙን፣ ሌላው ጫፉን ይዞ እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዙት። ትንሽ እምቢ ማለት አለበት። ከዚያ ጫፉን ወደ ላይ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣት ጋ ነው። መሃሉ ላይ ከታጠፈ ለሻጩ መልሱለት።

«የእግሬ ጥፍር ጠቆረ»

ቁልቁለት ስትወርዱ እግራችሁ ወደ ፊት ሄዶ የጫማውን ጫፍ እየመታ ነው። ወይ ጫማው ጠቧል፣ ወይ ክሩ ላልቷል። ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ውሎ ሲያብጥ ትክክለኛው ቁጥር ይታወቃል። የምትሮጡበትን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍ።

ጫማውን አስቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ ክሩን ሞክሩ። መጨረሻ ላይ፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለችውን ቀዳዳ አብዛኛው ሰው ባዶ ይተዋታል። ክሩን በዚያ በኩል አስገብታችሁ በሁለቱም ጎን ትንሽ ቀለበት አብጁ። የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፋችሁ ሳቡና እሰሩ። ተረከዛችሁ ቁጭ ይላል።

«አዲስ የሚመስል ቦንዳ ገዛሁ፣ ሶሉ ተላቀቀ»

ደርሶብኛል። የሚያብረቀርቅ ጫማ ነበር፣ ሶሉ ምንም አልተበላም። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ላይ ግማሽ ሶሉ ተከፈተ። በክር ጠፍሬው እያነከስኩ ወደ ቤት ወረድኩ።

ጫማ ሳይደረግም ያረጃል። ስፖንጁ ይደርቃል፣ ማስቲሹ ይሞታል። ስለዚህ የሶሉን ንጽሕና ብቻ አትመኑ። ስፖንጁን በጎን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ገባ ብሎ መመለስ አለበት። እንደ እንጨት ከሆነ ወይም ጎኑ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ካለ ተዉት። ጫፉ ላይ ሶሉን በጥፍር ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። ትንሽ ክፍተት ብቻ ከሆነ ጫማ ሰፊ በማስቲሽ ያስተካክለዋል፤ ዙሪያውን እንዲሰፋላችሁም ጠይቁ። ለስላሳ ሆኖ የተገዛ ጫማም ቢሆን ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ሲሞላው ስፖንጁ ይደክማል።

«ክረምት ላይ አይደርቅልኝም»

ከሰል አጠገብ አታስቀምጡት። ሙቀቱ ማስቲሹን ያለሰልሳል፣ ስፖንጁንም ያኮማትረዋል። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ አስለቅቁ። የውስጥ ሶሉን አውጡ፣ ክሩን ፍቱ፣ ምላሱን ወደ ውጭ ጎትቱ። ጋዜጣ ጨምድዳችሁ እስከ ጫፉ ጠቅጥቁበት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣው ረጥቦ ታገኙታላችሁ፤ በደረቅ ለውጡና ነፋስ ባለበት ጥላ ላይ አቁሙት። ማታ ይህን ካደረጋችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልታደርጉት ትችላላችሁ።