የሽንት ሥርዓትን አፈጣጠር ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ከስሙ ይጀምራል። በአማርኛ ስንናገር ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደውንም፣ ከፊኛ ወደ ውጭ የሚያወጣውንም «የሽንት ቱቦ» እንለዋለን። መጽሐፉ ደግሞ የመጀመሪያውን ዩሬተር ሁለተኛውን ዩሬትራ ብሎ ይጠራና ግራ መጋባቱን ያብሰዋል። ዩሬተር ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ዩሬትራ አንድ ነው፤ በሴት 4 ሴንቲ ሜትር፣ በወንድ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ምንጫቸውም ይለያያል፦ ዩሬተር ከሜሶደርም (ከፅንሱ መካከለኛ ንጣፍ)፣ ዩሬትራ ደግሞ በአብዛኛው ከኢንዶደርም (ከውስጠኛው ንጣፍ) ይሠራል። እኔ ሳስተምር «የላይኛው ቱቦ» እና «የታችኛው ቱቦ» እያልኩ እለያቸዋለሁ፤ አያምርም፣ ግን አያሳስትም።

ሁለተኛው ስህተት ስለ ሦስቱ ኩላሊቶች ነው። ፅንሱ ሦስት ኩላሊቶችን በተራ ያወጣል፦ ፕሮኔፍሮስ፣ ሜሶኔፍሮስና ሜታኔፍሮስ። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያነብ አንዱ አድጎ ሌላው የሚሆን ይመስለዋል። አይሆንም። ፕሮኔፍሮስ በ4ኛው ሳምንት ብቅ ብሎ ምንም ሳይሠራ ይጠፋል። ሜሶኔፍሮስ ለጥቂት ሳምንታት ሠርቶ ይከስማል። ዘላቂው ሜታኔፍሮስ በ5ኛው ሳምንት ከታች በኩል አዲስ ሆኖ ይጀምርና ከ10ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ሽንት ያመነጫል። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ኩላሊት ያለ ርዝራዥ ጠፋ ማለትም ስህተት ነው። ቤቱ ፈረሰ እንጂ ቧንቧው አልተነቀለም፤ የሜሶኔፍሮስ ቱቦ በወንድ ላይ ዘር አስተላላፊው ቱቦ ሆኖ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዘላቂውን ኩላሊት የሚያስጀምረው ቡቃያም የሚወጣው ከዚሁ ቱቦ ነው።

ይህ ቡቃያ ብዙ ስህተት የሚሠራበት ቦታ ስለሆነ ቆም እንበልበት። ኩላሊት ከአንድ ነገር አይበቅልም። ከቱቦው የወጣው ቡቃያ አጠገቡ ወዳለው የሜሶደርም ክምችት ይገባል፤ ክምችቱ ቡቃያው ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ያነሳሳዋል፣ ቡቃያውም በተራው ክምችቱ ወደ ኔፍሮን፣ ማለትም ደም አጣርተው ሽንት ወደሚሠሩት ጥቃቅን የኩላሊት ክፍሎች፣ እንዲለወጥ ያደርገዋል። አንዱ ዝም ካለ ሌላውም አይሠራም፤ ቡቃያው ጨርሶ ካልወጣ በዚያ በኩል ኩላሊት የለም። ተማሪ ሳለሁ ይህንን ሦስት ጊዜ ሸምድጄ ሦስት ጊዜ ረስቼዋለሁ። የገባኝ ሁለት ባለቀለም እርሳስ ይዤ ኔፍሮን ስስል ነው። ማጣሪያውን ከከበበው ከረጢት ጀምሮ የተጠማዘዘውን ቱቦ፣ ወደ ታች ወርዶ የሚመለሰውን ቀለበትና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ቱቦ በቀይ፤ ሽንት ሰብሳቢ ቱቦዎችን፣ ጽዋዎቹን፣ የኩላሊቱን ገንዳና ዩሬተሩን በሰማያዊ። ቀዩ ከክምችቱ፣ ሰማያዊው ከቡቃያው የመጣ ነው። ሁለቱ ቀለማት የሚገናኙባት ነጥብ ሁለቱ ሕብረ ሕዋሳት የተጋጠሙባት ናት።

ቡቃያው ቀድሞ ለሁለት ከተከፈለ አንድ ኩላሊት ሁለት ዩሬተር ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ፊኛ ድረስ ከደረሱ፣ ከኩላሊቱ የላይኛው ክፍል የመጣው ከላይ ይገባል ብሎ መገመት የተለመደ ስህተት ነው። ነገሩ ግልባጭ ነው። የሜሶኔፍሮስ ቱቦ ጫፍ በፊኛው ግድግዳ ሲዋጥ፣ የታችኛው ክፍል ዩሬተር ቀድሞ ገብቶ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሸሻል፤ የላይኛው ክፍል ዩሬተር ግን ከቱቦው ጋር ወደ ታች ይጎተታል። ስለዚህ ከላይ የመጣው ከታች ይከፈታል።

«ኩላሊት ከዳሌ ወደ ላይ ወጣ» የሚለውም ነገር በጥሬው መወሰድ የለበትም። አዎ፣ የሚጀምረው ዳሌ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን የጉዞው አንድ ክፍል የፅንሱ የታችኛው አካል እያደገ ከሥሩ መራቁ ነው። በየደረጃው የደም ምንጩን ይለውጣል፦ ከላይ አዲስ ደም ቅዳ ይይዛል፣ የታችኛውን ይለቃል። ያልተለቀቁት ይቀራሉ፤ ከአራት ሰዎች በአንዱ ገደማ ከአንድ በላይ የኩላሊት ደም ቅዳ የሚገኘው ለዚህ ነው። እነዚህን «ትርፍ» ብሎ መናቅ አደገኛ ነው። እርስ በርስ ስለማይደጋገፉ፣ አንዱ ከተቋጠረ ይመግበው የነበረው የኩላሊት ክፍል ይሞታል። የሁለቱ ኩላሊቶች የታች ጫፎች ሲጣበቁ ደግሞ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይፈጠራል፤ ወደ ላይ ሲሄድም የታችኛው የአንጀት ደም ቅዳ ይዞ ያስቀረዋል። ከኩላሊት አናት ላይ ያለውን አድሬናል ዕጢ ከኩላሊት ጋር አብሮ የሚጓዝ አድርጎ መሳልም ስህተት ነው፤ ኩላሊቱ ዳሌ ውስጥ ቢቀር እንኳ ዕጢው ቦታው ላይ ይገኛል።

ፅንስ ደሙን የሚያጣራው በኩላሊቱ አይደለም፤ ያ የእንግዴ ልጅ ሥራ ነው። የፅንሱ ሽንት የሽርት ውሃ ይሆናል። ሁለቱም ኩላሊት የሌለው ፅንስ ማህፀን ውስጥ ሊያድግ ይችላል፤ የሽርት ውሃው ስለሚያንስ ግን ሳንባው በቅጡ አይዳብርምና ሲወለድ መተንፈስ ያቅተዋል።

ከፊኛ ጫፍ ወደ እምብርት የሚሄደው የመሀሉ ገመድ የዩራከስ፣ ማለትም በፅንስ ጊዜ ፊኛን ከእምብርት የሚያገናኘው ቱቦ፣ ቅሪት ነው፤ ዩራከስ ሳይደፈን ከቀረ ሽንት በእምብርት ይወጣል። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ገመዶች ግን የተደፈኑ የእትብት ደም ቅዳዎች ናቸው። ከፈተና ወረቀት ላይ ይህን ያህል የተለዋወጠ ነገር አላየሁም።

የመጨረሻው ስህተት በቀዶ ሕክምና ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ዩሬተር በማህፀን ደም ቅዳ ሥር ያልፋል፤ «ውሃው ከድልድዩ ሥር» ብሎ መያዝ ይቻላል። ማህፀን ሲወጣ ደም ቅዳው ሲታሰር ዩሬተሩ አብሮ ሊታሰር የሚችለው በዚህ ቅርበት ነው። የሚያጠራጥር ከሆነ ሐኪሙ ገመድ የመሰለውን ነገር በመሣሪያው ጫፍ ቀስ ብሎ ነካ ያደርገዋል። ደም ሥር ከሆነ እንዲያው ይቀመጣል፤ ዩሬተር ከሆነ እንደ ትል ይኮማተራል።