ኮዳችሁን ፍላሽ ላይ በዚፕ ለምታስቀምጡ

አራት ኪሎና ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለው ኮድ የሚጽፉ ልጆች ፍላሽ ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «አሁንስ የምር የመጨረሻ» የሚሉ ፎልደሮች አይጠፉም። ደንበኛው ጋ ያለው የትኛው እንደሆነ ግን ማን ይወቅ!

ኮንፊገሬሽን ማኔጅመንት ሲባል የትልቅ ድርጅት ወግ አይምሰላችሁ። ምን ተቀየረ፣ ማን ቀየረው፣ ለምን፣ ደንበኛው የተረከበው የቱን ነው ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መያዝ ነው። የኮዱን ለውጥ ሁሉ በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ በጊት ጀምሩ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሥራ ብሎ የጀመረው ነው፣ ነፃ ነው፣ ደግሞ ኮሚት ለማድረግ (ለውጡን ከነመልእክቱ ለመመዝገብ) ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራችሁን ትመዘግቡና ሲመጣ ፑሽ ታደርጋላችሁ (ወደ ሰርቨር ትልካላችሁ)።

የኮሚት መልእክት ላይ «አስተካከልኩ» ብላችሁ አትለፉ፤ ምኑን? «ደረሰኙ ላይ ቫት ሁለቴ ይደመር ነበር፣ ተስተካክሏል» በሉ። ስታስረክቡ ደግሞ እዚያው ታግ አድርጉ (ያስረከባችሁትን ኮሚት ስም ስጡት)፣ ለምሳሌ 1.2 ብላችሁ። ደንበኛው ደውሎ «አልሠራ አለኝ» ሲል እሱ ጋ ያለውን ኮድ ራሱን አውጥታችሁ ታያላችሁ። የምትጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች) ቨርዥን የተጻፈበት ፋይልም አብሮ ይግባ።

የዳታቤዝ ፓስወርድ ግን በጭራሽ! በኋላ ፋይሉን ብታጠፉትም የጊቱ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። አንዴ ከገባ ፓስወርዱን ራሱን ቀይሩት።