ስኳር ላለበት ሰው የግፊት መድኃኒት፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እናቴ ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምትኖረው። ስኳርም ግፊትም አለባት። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ ከመድኃኒት ፌስታሏ ውስጥ የማላውቀው ኪኒን አገኘሁ። አቴኖሎል ይላል፤ የግፊት ኪኒን ነው። «የኔው ሲያስለኝ ተውኩት፤ ይሄ ጎረቤቴን ተስማምቷታል» አለችኝ። በጣም ደነገጥኩ።

የሰው ኪኒን መዋጥ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ጎረቤቷ ስኳር የለባትም። እናቴ ግን ኢንሱሊን ትወጋለች። ስኳር ሲወርድ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሰው በዚህ ነቅቶ ነው ጣፋጭ ነገር የሚቀምሰው። አቴኖሎል እነዚህን ምልክቶች ይደብቃል። ላቡ አይጠፋም፤ ግን በድሬ ሙቀት የትኛው ላብ የስኳር እንደሆነ በምን ይለያል? የልብ ሕመም ላለበት ሐኪም አስቦበት ሊያዘው ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሲያስል ዝም ብሎ ማቆምም ስህተት ነው። እናቴን ያሳላት የራሷ የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ነበር። ደረቅ ሳል የዚህ መድኃኒት የታወቀ ጠባይ ነው። ሐኪሟ ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ቀየረላት፣ ሳሉም ለቀቃት። ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ግን አይገባም፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ከፍ ያደርጋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ሽንት ሳይመረመሩ መድኃኒት መጀመር፦ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ ስኳሩ ኩላሊት ነክቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ይቀድማሉ፤ ግፊት ከመቀነስ አልፈው ኩላሊትን ይጠብቃሉ። ፕሮቲን ከሌለ በሌሎች የግፊት መድኃኒቶች፣ በአምሎዲፒን ወይም በሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ መጀመርም ይቻላል። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ከተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም መታየት አለባቸው። ብዙ ሰው ኪኒኑን ይወስዳል፣ ለደም ምርመራው ግን አይመለስም።

ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ሐሳቧን ለሐኪሟ ትንገር። ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም ጽንስ ይጎዳሉ።

ሁለተኛ ኪኒን ሲታዘዝ «ባሰብኝ» ብሎ መተውም አለ። ለብዙ የስኳር ሕመምተኛ ግቡ ከ130/80 በታች ነው፤ እዚያ ለመድረስ አንድ ኪኒን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ጫትም አለ። ድሬም ሐረርም በርጫ ነውር አይደለም፤ ሐኪም ፊት ሲደርስ ግን ይደበቃል። ጫት ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠን ሊጨምር ይችላል። ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክም እንደዚሁ ነው፤ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። እናቴ ጋ ከፌስታሉ ሥር እሱም ነበር። ፌስታሉን እንዳለ ይዘን ሄደን ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው።