ኮምፒውተር ተምራችሁ የአሜሪካ ጦር መኮንን መሆን ለምታስቡ

አራት ኪሎ ነው ያለሁት። ሥራዬ ውጭ ላሉ ሰዎች ወረቀት ማስጨረስ ነው። ሰሞኑን በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል አሜሪካ ከገቡ ልጆች አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል፦ “ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሻለሁ፤ ጦሩ ውስጥ መኮንን ሆኜ በሙያዬ መሥራት እችላለሁ?”

ይቻላል። ግን ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ዜግነት ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል። መኮንን ለመሆን ግን ዲግሪ ብቻ አይበቃም፤ የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግድ ነው። በጦሩ ውስጥ የኮምፒውተር ሙያ የሚሠራበት የሳይበር ሥራ ደግሞ የጥብቅ ምስጢር ፈቃድ ይጠይቃል። እሱም ለዜጋ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይዛችሁ ሪክሩተር (የጦሩ መልማይ) ጋ ብትሄዱ የሚቀርብላችሁ ሥራ ከኮምፒውተር ጋር ጭራሽ ላይገናኝ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት የሥራው ስም ውሉ ላይ መስፈሩን በዓይናችሁ እዩ። በቃል የተባለውን አትመኑ።

አንዱ መንገድ በሲቪል የአይቲ ሥራ እየሠሩ አምስቱን ዓመት ጠብቆ ዜግነት መውሰድ፣ ከዚያ በዲግሪ ለመኮንንነት ማመልከት ነው። ሌላው አሁኑኑ በተራ ወታደርነት ገብቶ በአገልግሎት በኩል ዜግነት ማግኘት ነው። በዚህ መንገድ አምስት ዓመት መጠበቅ የለም፤ የማመልከቻ ክፍያም የለም። ከዚያ ከውስጥ ሆኖ ለመኮንንነት ይወዳደራል። እኔ በሙያው ልምድ ላለው ሰው የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሠላሳን የተጠጋ ግን ደጋግሞ ያስላው፤ መኮንንነት የዕድሜ ጣሪያ አለው።

ዜግነት ስትወስዱ እዚህ አገር ቤት የምታጡትንም እወቁ። በአዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ ማውጣት ይቻላል፤ ግን የመምረጥ መብት አይሰጥም። ለእናት ለአባታችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከሰው አፍ አይስሙት።

ስለ ሥልጠናው ብዙ አልልም። የምድር ጦሩ የመኮንኖች ኮርስ ጆርጂያ፣ ፎርት ቤኒንግ ውስጥ ለ12 ሳምንት ይሰጣል። የሳይበር ትምህርት ቤቱም እዚያው ጆርጂያ፣ ኦገስታ አጠገብ ፎርት ጎርደን ነው። ሳይበር በምድር ጦሩ ራሱን የቻለ ክፍል የሆነው በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ነው። የሁሉም ጦር የጋራ የሆነው የአሜሪካ ሳይበር ዕዝ ዋና መሥሪያ ቤት ግን ሜሪላንድ፣ ፎርት ሚድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላረፈ ሀበሻ ሩቅ አይደለም።

ብዙ ልጅ የሚደናቀፈው ኮድ መጻፍ ላይ አይደለም። የምስጢር ፈቃዱ ፎርም ላይ ነው። ኤስኤፍ-86 ይባላል። የአሥር ዓመት መኖሪያችሁን፣ የአሥር ዓመት ሥራችሁን፣ የወላጆቻችሁንና የወንድም የእህቶቻችሁን የትውልድ ቀንና አድራሻ ይጠይቃል። እኛ በእናት ወይም በአባት ብቻ የምንገናኘውን “ወንድሜ” ብለን እናልፋለን፤ እዚያ ግን ለይታችሁ ትጽፋላችሁ። አሳዳጊ ካላችሁም ይጻፋል።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 የተወለደች እህት ዲሴምበር 29፣ 1997 ነች። ታኅሣሥ 25 ቀን 1990 የተወለደ ልጅ ግን ጃንዋሪ 3፣ 1998 ነው። ለሁሉም ስምንት ዓመት እየደመረ የሞላ ሰው ከፓስፖርቱ ጋር ይጋጭበታል።

አድራሻውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ዶሮ ማነቂያ ያደገ ልጅ ቤቱ በ2016 ፈርሷል፤ ጎረቤቱም ተበትኗል። ቢሆንም የምትጽፉት በኖራችሁበት ጊዜ የነበረውን ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ነው። የድሮውን የቀበሌ መታወቂያ ቤተሰብ እንዳይጥለው ንገሩ፤ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። የጎረቤቶቻችሁንም አዲስ ስልክ አሁኑኑ ሰብስቡ።

ለቤተሰብ ምክንያቱን ሳትነግሩ ጥያቄ አታዝንቡ። አንዲት የሰፈራችን እናት ልጃቸው በስልክ የወንድሞቹን ልደት ሲጠይቃቸው ደብተር አውጥተው እየጻፉ ድንገት አቆሙ። “ልጄ፣ ምን አጠፋህ? ማን ነው የሚጠይቅህ?” አሉት። ወደ ሥራ የሚያስገባ ፎርም መሆኑን እስኪያስረዳቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ ቤት የምትልኩት ገንዘብም ይጠየቃል። በስማችሁ ኮንዶሚኒየም ወይም የባንክ ሂሳብ ካለም ይጻፋል። በባንክ ላኩ፤ ደረሰኙን ያዙ። ቤተሰብ አገር ቤት መኖሩ ብቻውን አይጥላችሁም፤ የሚጥለው መደበቅ ነው። እያወቁ ሐሰት መጻፍ ደግሞ እዚያ አገር ወንጀል ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ዲግሪያችሁ በአሜሪካ መመዘኛ መገምገም አለበት። ገምጋሚዎቹ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ከሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ የሚላክ ትራንስክሪፕት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ኮስት ሼሪንጉን (የትምህርት ወጪ መጋራቱን) ሳትከፍሉ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። “ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ይዣለሁ” ብላችሁ አትዘናጉ።

እናንተ እዚያ ከሆናችሁ እዚህ የሚያስጨርስ ሰው ያስፈልጋችኋል። ውክልናውን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርማችሁ ትልካላችሁ። እዚህ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፤ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። ወረቀቱ ላይ “ትራንስክሪፕትና ዲግሪ ለማውጣት፣ ክፍያ ለመፈጸም” የሚለው በግልጽ ይጻፍ። “ጉዳዬን ሁሉ” በሚል ጠቅላላ ቃል ብቻ ከመጣ መስኮቱ ላይ ሊመልሱን ይችላሉ፤ እናንተም እንደ አዲስ ኤምባሲ መሄድ ሊኖርባችሁ ነው።